ዋንደር ሁልጊዜ መንከራተት አይደለም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። ቸኩዬ ከምመልስልሽ ብዬ ለዛሬ አቆየሁት። "ዊ ዋንደርድ አራውንድ ዘ ማርኬት" የሚለውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር "ገበያ ውስጥ ተንከራተትን" ብለሽ ስትተረጉሚ አስተማሪሽ ስህተት ነው አለሽ። መዝገበ ቃላቱ ግን ዋንደርን መንከራተት፣ መዞር፣ መባዘን እያለ ይደረድረዋል። የቱን ልያዝ ነው ያልሽው።

እኔ ይህን ቃል በደንብ ያወቅሁት በእናቴ ምክንያት ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ የመርሳት ችግር ከጀመራት በኋላ ከቤት እየወጣች መሄድ አመጣች። ሰፈሩን የምታውቂው ከሆነ ብሎኮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጤነኛውም ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ካላየ የሰው ደረጃ ይወጣል። አንድ ቀን አራት ብሎክ ርቃ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የማታውቀው ሰው በር ላይ የእኛን ቁልፍ ስትሞክር አገኘኋት። ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት ወረቀቷ ላይ "ቴንድስ ቱ ዋንደር" የሚል ተጻፈ። አክስቴ ምን ይላል ስትለኝ "ትንከራተታለች ነው የሚለው" አልኳት። እንባዋ መጣ። "ማን አንከራተታት? ቤት አላት፣ ልጆች አሏት!"

እውነቷን ነው። በአማርኛ ሰው የሚንከራተተው ቤት ሲያጣ፣ ዘመድ ሲያጣ፣ ወይም ለአንዲት ፊርማ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ነው። ቃሉ ራሱ በደል አለበት። ዋንደር ግን የሚናገረው የሚሄደው ሰው መድረሻ እንዳልያዘ ብቻ ነው። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት፣ ቃሉ ለብቻው አይነግርሽም። ያን ቀን ማለት የነበረብኝ "ሳታስበው ከቤት እየወጣች ትሄዳለች" ነበር። በኋላ እንዲህ ብዬ ሳስረዳት አክስቴ ተረጋጋች፤ ለጎረቤቶቹም በዚሁ ቃል ነገረቻቸው።

የእኛ ቃላት አብዛኞቹ ስሜት ወይም ወቀሳ ይዘው ነው የሚመጡት። "ያውደለድላል" ካልሽ ሰውየውን ተቆጥተሽዋል። "ይቅበዘበዛል" ካልሽ ዕረፍት አጥቷል። ዘፍጥረት ላይ ቃየን "ኰብላይና ተቅበዝባዥ" ይባላል፤ አንዳንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች እዚያው ቦታ ዋንደረር ይላሉ። እዚያ ቃሉ የሚከብደው በዙሪያው ባሉት ቃላትና በታሪኩ ነው። "ተንሸራሸርን" ካልሽ ደግሞ መዝናናት ገባበት። ለዚያ ስትሮል የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ ልጆቹ "ወክ እናድርግ" የሚሉት ዓይነት ነው።

ስለዚህ ለገበያው ዓረፍተ ነገር የእኔ ምርጫ "ገበያውን ዝም ብለን ዞርን" ነው። "ዞርን" ብቻ ብትዪ ዕቃ ፍለጋም ሊሆን ይችላል። ዓላማ እንዳልነበራችሁ የምትናገረው "ዝም ብለን" የምትለዋ ናት።

ሮም የሚባለውም ግስ ይመሳሰለዋል፤ ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ሌሊት እኛ ሰፈር ውሾች ከሜዳ ሜዳ ሲዞሩ የሚስማማው ሮም ነው። የስልኩ ሮሚንግም ከዚሁ ግስ ነው የመጣው።

ዋንደር ላይ ኦፍ ሲጨመርበት ትርጉሙ ይጠብቃል። "ሂ ዋንደርድ ኦፍ" ማለት አጠገባችን የነበረው ልጅ ሳናየው ሄደ ማለት ነው። ለሐሳብም ይሆናል። "ማይ ማይንድ ዋንደርድ" ሲሉ እኛ "ልቤ ሌላ ቦታ ነበር" እንላለን። መንገድና ወንዝም ዋንደር ያደርጋሉ፤ ያኔ ትርጉሙ መጠማዘዝ ነው።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ዎንደር ከሚባለው፣ ማሰብና መገረም ከሆነው ግስ ጋር አታምታቺው። ብዙ ሰው በእንግሊዝኛ የሥራ ደብዳቤ ላይ "ይቻል እንደሆነ ብዬ ነበር" ለማለት ፈልጎ "እየዞርኩ ነበር" ብሎ ይጽፋል። የሚያሳስተው ድምፁ ነው። በእንግሊዞቹ አነጋገር በኤ የሚጻፈው የመዞሩ ግስ ወደ "ዎ" ያደላል፤ በኦ የሚጻፈው የማሰቡ ግስ ደግሞ ወደ "ዋ"። እኛ በአማርኛ ፊደል የምንጽፈው ሆሄውን ተከትለን ስለሆነ ከአፋቸው ከሚወጣው ጋር ይገላበጣል። ስለዚህ በጆሮሽ አትመኚ፣ ሆሄውን በቃልሽ ያዢ።

ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገርሽ "ማይ ግራንድፋዘር ዋንደርስ ዌን ሂ ቶክስ" ነበረች። "አያቴ እያወሩ ይዞራሉ" ብለሻታል። እዚህ እግራቸው የትም አልሄደም፤ ተቀምጠው ነው የሚያወሩት። "አያቴ ሲያወሩ ከአንዱ ወሬ ወደ ሌላው ይሄዳሉ" በያት።