ሥጋ የለበትም ማለት የጾም ነው? ስለ ደቡብ ህንድ ምግብ ቤቶች ጥያቄና መልስ

ባንጋሎር መኖር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ለትምህርትም ለሕክምናም የሚመጡ ወገኖቼ ሥጋ የማይሸጥ ምግብ ቤት ገብተው ሜኑው ላይ ሲያፈጡ ስለማይ፣ «ያላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የምመጣው በዐቢይ ጾም ነው። በሩ ላይ «ፒዩር ቬጅ» የሚል ካየሁ ዓይኔን ጨፍኜ ልዘዝ?

እንዳታደርጊው። «ፒዩር ቬጅ» ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለም ማለት ነው። ወተት፣ እርጎና ቅቤ ግን እንደ ልብ ነው። ስለዚህ ስታዢ ቀድመሽ «ኖ ጊ፣ ኖ በተር፣ ኖ ከርድ» በይ። ጊ ንጥር ቅቤ፣ ከርድ እርጎ ነው። ባንጋሎር «ቱፓ ቤዳ»፣ ቼናይ «ነይ ቬንዳም» ካልሽ፣ ንጥር ቅቤ አልፈልግም እንዳልሽ ይገባቸዋል። አስተናጋጁ አንገቱን ግራና ቀኝ ቢወዘውዝ አትደንግጪ፣ እሺ ማለቱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

ተራው ኢድሊ አያሳስብም። በእንፋሎት የበሰለ፣ ነጭና ለስላሳ የሩዝ ዳቦ ነው። ሜዱ ቫዳም ጥሩ ነው፤ መሃሉ ቀዳዳ ያለው፣ በዘይት የተጠበሰ። ዶሳ የሚሉት ስስ ቂጣ የተለመደው ሊጡ ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ነው፤ ጉዱ ያለው ምጣዱ ላይ ነው። አብሳዩ ሳይጠይቅሽ ማንኪያ ሙሉ ቅቤ ያፈስበታል። «ጊ ሮስት» እና «ቤኔ ዶሳ» የሚሉትንማ ጭራሽ ዝለያቸው።

ስሙ እንዳያታልልሽ፣ ራቫ ኢድሊ እርጎ ይገባበታል። ቻትኒ የሚሉት ነጩ የኮኮናት ማባያም አንዳንድ ቤት እርጎ አያጣውም። ሳምባር በርግብ አተርና በሁመር የሚሠራ ወጥ ነው። ወጡ ራሱ የጾም ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚፈስበት የሰናፍጭ ቁሌት ግን በዘይት ይሁን በቅቤ ጠይቂ። ፖንጋል የሚሉት የሩዝ ገንፎ ቅቤ ውስጥ ነው የሚዋኘው። እሱን ለፋሲካ አቆዪው።

ጥያቄ፦ ዶሳ የህንድ እንጀራ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

ዘመድ እንኳ ቢባሉ የሩቅ ነው። ሩዙና ኡራዱ ተዘፍዝፎ ይፈጫል፣ ይቀላቀልና ሌሊቱን ሲቦካ ያድራል። ጠዋት ሊጡ አረፋ አውጥቶ ታገኘዋለህ። እስከዚህ ድረስ ለኛ ሰው አዲስ ነገር የለውም።

አጋገሩ ነው የሚለየው። አብሳዩ የጋለውን ምጣድ ውኃ ይረጭና በአጭር መጥረጊያ ጠረግ ያደርገዋል። ሊጡን መሃል ላይ ያፈስና በጭልፋው ቂጥ እያዞረ ወደ ዳር ይስበዋል። እናቶቻችን ከዳር ጀምረው ወደ መሃል ነው የሚያዞሩት። ዶሳ ዓይን የለውም፣ ይንኮሻኮሻል። ውስጡ በእርድና በሰናፍጭ የተሠራ ድንች ሲገባበት ማሳላ ዶሳ ይሆናል፤ ማይሶር ማሳላ ካልክ ደግሞ ቀይ የሚያቃጥል ቻትኒ ይቀባበታል። ለሀበሻ ምላስ የማይሶሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ብቻ ፎቶ ላይ አትቆይ፣ ሲለሰልስ ለዛው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የሙዝ ቅጠል ላይ የሚቀርበው ምሳ ሥርዓት አለው?

አለው፣ ግን አይከብድም። «ሚልስ» የሚሉት እሱን ነው። በአብዛኛው ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚገኘው፤ ጠዋትና ማታ ዶሳና ኢድሊ ይነግሣል። ቅጠሉ ጫፉ ወደ ግራችሁ ሆኖ ይነጠፋል። ውኃ ረጭ ረጭ አድርጋችሁ በእጃችሁ ታብሱታላችሁ። አስተናጋጁ የብረት ባልዲዎች አንጠልጥሎ እየዞረ ይጨልፍላችኋል። ሩዙን መጀመሪያ በሳምባር፣ ቀጥሎ ቀጭን ሾርባ በሚመስለው ራሳም፣ መጨረሻ ላይ በእርጎ ትበሉታላችሁ። ጿሚ ራሳም ላይ ያቆማል።

ብዙ ቤት እየደጋገሙ ይጨምራሉ፣ ዋጋው ያው ነው። ሲበቃችሁ እጃችሁን ቅጠሉ ላይ ጋረድ አድርጉ፣ አለዚያ አይለቃችሁም። ስትጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራሳችሁ እጠፉት። በቀኝ እጅ መብላቱን ለናንተ አላስተምርም። የማታውቁት ሰው መጥቶ ጠረጴዛችሁ ላይ ቢቀመጥም አይግረማችሁ፣ ወግ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴን ለሕክምና ቼናይ ይዣቸው ልመጣ ነው። የሚያቃጥል ነገር አይችሉም።

ይማርልህ። ለሳቸው ኢድሊና ተራ ዶሳ እዘዝላቸው፤ የሚያቃጥለው ማባያው ነውና ሳምባሩ በጎን ይቅረብ። ራሳም ቀጭን ሾርባ ስለሚመስል አይናቅ፣ ቁንዶ በርበሬው ጉሮሮ ይይዛል። «አንድራ ሚልስ» የሚል ቤት ግን አታስገባቸው። የአንድራ ሰው በርበሬ ላይ ከኛ ጋር ይፎካከራል። ጾም ካልሆነ እርጎ የተለወሰው ሩዝ ለሆድ ይስማማል።

ጥያቄ፦ ሩዝ ሰለቸኝ። ሌላ ምን አለ?

ዳጉሳ! እዚህ ራጊ ይሉታል። የካርናታካ ገጠር ሰው ድቡልቡል አድርጎ እንደ ገንፎ ያበስለዋል፣ ራጊ ሙዴ ይባላል። ቆርሰህ ወጥ አስነክተህ ሳታኝክ ትውጠዋለህ። ራጊ ዶሳም አለ። ፔሳራቱ ደግሞ ከማሾ የሚጋገር አረንጓዴ ዶሳ ነው።

ጥያቄ፦ ቡናቸውስ?

ጥሩ ነው፣ ግን የኛን አትጠብቁ። የተጠለለው ወፍራም ቡና ብዙ ጊዜ ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥር ይደባለቅበታል፣ ከዚያ በትኩስ ወተት ይሞላል። በትንሽ የብረት ብርጭቆና በጎድጓዳ ሳህን ይመጣል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየገለበጣችሁ ታበርዱታላችሁ፣ አረፋውም የሚወጣው ያኔ ነው። ስኳር ካልፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በጾም ያለ ወተት ይሰጧችኋል፤ እውነቱን ለመናገር ያለ ወተት ይመራል።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነኝ። ይህን ሁሉ የት አገኛለሁ?

ካራማ ሰፈር ሂጂ፣ ምርጫሽ ብዙ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ቼናይ ውስጥ የተከፈተው ሳራቫና ባቫን የሚባለው ምግብ ቤትም እዚያው ዱባይ ቅርንጫፎች አሉት። ቅቤውን በተመለከተ የነገርኳችሁ ዱባይም ይሠራል።

ጥያቄ፦ አዝዞ ወደ ቤት መውሰድ ይቻላል?

«ፓርሰል» በሉ። ባንጋሎር ቆመው የሚበሉባቸው ትናንሽ ቤቶች ከሆነ መጀመሪያ ካሸር ጋ ከፍላችሁ ወረቀቷን ለአብሳዩ ትሰጣላችሁ። ሳምባሩን በትንሽ ፌስታል ቋጥረው ይሰጧችኋልና ስትፈቱት ልብሳችሁን ጠብቁ። ዶሳ መንገድ አይወድም፣ ኢድሊ ውሰዱ።