ኬግ ውስጥ የደፈረሰና አረፋ የበዛበት የቤት ቢራ

በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢያችን እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ቤቴ የጠመቅኩትን ቢራ 19 ሊትር በሚይዝ ኬግ (ግፊት የሚችል የብረት መያዣ) ሞልቼ፣ ለበዓል እንዲደርስልኝ ጋዙን በ30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ከፍቼ ኬጉን ወዘወዝኩት። አሁን ብርጭቆው በአረፋ ብቻ ይሞላል፤ ቢራውም ድፍርስ ነው። ምን ላድርግ?»

ሁለቱንም ጥፋት ያመጣው መወዝወዙ ሳይሆን አይቀርም። ኬግ በከፍተኛ ግፊት ሲወዘወዝ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ከሚፈለገው በላይ ይሟሟል፤ ከሥር የረጋው የእርሾ አተላም ይነሣል። ጠላ የሚቀዳ ሰው ጋኑን አይነቀንቅም፤ ኬግም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም።

መጀመሪያ ጋዙን ነቅለው፣ ክዳኑ ላይ ያለውን የማስተንፈሻ ቀለበት እየሳቡ ያስተንፍሱት፤ አረፋ ብቅ ሲል ያቁሙና በየሰዓቱ ይደጋግሙት። ከዚያም ኬጉን 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ፍሪጅ ውስጥ አቁመው ጋዙን በ12 ፒኤስአይ ይመልሱት። በዚህ ቅዝቃዜና ግፊት ቢራው ከራሱ ይዘት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ጋዝ ብቻ ስለሚይዝ፣ ምንም ያህል ቢቆይ አይበዛበትም፤ የሚቀጥለውንም ጥማቂ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን በዚሁ ሁኔታ ቢያቆዩት መወዝወዝ አያስፈልግዎትም። አረፋው አሁንም ካልቀነሰ የመቅጃውን ጎማ ይለኩ፦ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ወደ 3 ሜትር ካልረዘመ፣ ቢራው ግፊቱ ሳይበርድለት ወጥቶ አረፋ ይሆናል።

ድፍርሱን በተመለከተ፣ አንድ ብርጭቆ ቀድተው እስኪሞቅ ጠረጴዛ ላይ ይተዉት። ሲሞቅ ከጠራ ያደፈረሰው በቅዝቃዜ የሚታይ የብቅል ፕሮቲን ነው፤ ካልጠራ ግን እርሾ ወይም ስታርች ይሆናል። ፕሮቲንንና እርሾን ጄላቲን ያወርዳቸዋል፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በ150 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጠው፣ ሳያፈሉ 70 ዲግሪ ያህል አሙቀው፣ በደንብ በቀዘቀዘው ቢራ ላይ ያፍስሱና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ስታርች ከሆነ ግን ጥፋቱ ብቅሉ ሲዘፈዘፍ የተፈጠረ ስለሆነ ጄላቲን አይረዳም። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ በመሆኑም፣ ጾመኛ እንግዳ ካለዎት ቢራውን ሁለት ሦስት ሳምንት በብርድ ብቻ ማጥራት ይሻላል፤ እኔ ራሴ ጊዜ ሲኖረኝ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

የመቅጃው ቱቦ እስከ ኬጉ ሥር ስለሚወርድ፣ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ብርጭቆዎች አተላ ይዘው ይወጣሉ፤ ይድፏቸው። ኬጉን ወደ ድግሱ ቤት የሚያጓጉዙ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት አድርሰው ያሳርፉት።