ፖርትፎሊዮን በሥራ ቃለ መጠይቅ ስለ ማቅረብ

በፖርትፎሊዮዎ (በሥራ ናሙናዎችዎ ስብስብ) ውስጥ ወደ 20 የሚጠጉ የግራፊክ ዲዛይን ሥራዎች እንዳሉዎትና በ30 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ የትኞቹን እንደሚያሳዩ እንደተቸገሩ ጽፈዋል። በእኔ አስተያየት ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ፤ ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት የሥራዎን ብዛት ሳይሆን አስተሳሰብዎን ነውና። ለምሳሌ የቡና ማሸጊያ ሠርተው ከሆነ፣ የተጠናቀቀውን ምስል ከማሳየትዎ በፊት ደንበኛው ምን ችግር ይዞ እንደመጣ፣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ስም በአንድ ጠባብ ገጽ ላይ እንዲመጣጠኑ ምን እንዳደረጉ፣ የኅትመት ወጪው በስንት ቀለም እንዲወሰኑ እንዳስገደደዎትና የትኛውን ንድፍ ለምን እንደጣሉ ይንገሯቸው። የተጣለውን ንድፍ ለማሳየትም አይፍሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩው ውይይት የሚጀምረው ከእሱ ነው። በቡድን የተሠራ ከሆነ የእርስዎን ድርሻ ለይተው ይናገሩ።

በኢንተርኔት ብቻ ሳይተማመኑ ሥራዎቹን በፒዲኤፍ አዘጋጅተው በፍላሽም በስልክዎም ይያዙ። የግዕዙ ፎንት በፋይሉ ውስጥ መካተቱን ማረጋገጥዎን አይርሱ፤ አለበለዚያ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት በፊደላቱ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ሊታዩ ይችላሉ (እኔ በዚህ አፍሬ አውቃለሁ)። ከሥራዎ የማይወዱት ክፍል የትኛው እንደሆነ ቢጠይቁዎት፣ «የለም» ከማለት ይልቅ ዛሬ ቢሠሩት የሚለውጡትን አንድ ነገር አስቀድመው አስበው ይሂዱ።