የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ቤንዚንን በኢታኖል መተካት ለአየር ንብረት ምን ያህል ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ቀደም ሲል በአዲስ አበባ ማደያዎች ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ተደባልቆ ይሸጥ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ለመሆኑ ከዕፅዋት የሚገኝ ነዳጅ ተሽከርካሪዎች በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት በእርግጥ ይቀንሳል ወይስ ጭሱ ያው ጭስ ነው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በጭስ ማውጫው በኩል ለሚመለከት ሰው ጭሱ ያው ጭስ ነው፤ ኢታኖልም ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የሚለያዩት ካርቦኑ በመጣበት ቦታ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል የሚወጣው 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚሊዮኖች ዓመታት ከምድር በታች ተቀብሮ ከኖረ ካርቦን የተገኘ በመሆኑ በከባቢ አየር ላይ አዲስ ጭማሪ ሲሆን፣ ከሸንኮራ አገዳ የተሠራ ኢታኖል የሚለቀው ግን አገዳው ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ነው። ስለዚህ የአንድን ነዳጅ ጥቅም ለማወቅ ከማሳው ጀምሮ ማዳበሪያውን፣ ፋብሪካውንና ማጓጓዣውን ጭምር መቁጠር ያስፈልጋል።

በዚህ ስሌት የአገራችን ኢታኖል ጥሩ መነሻ አለው። እርስዎ የሚያስታውሱት ድብልቅ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ኢታኖል የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኢታኖሉ በፊንጫ፣ በኋላም በመተሐራ ስኳር ፋብሪካ የተመረተው ስኳር ከወጣ በኋላ ከሚተርፈው ሞላሰስ ነው፤ ለነዳጅ ሲባል ብቻ የሚታረስ አዲስ መሬት አልነበረም ማለት ነው። ፋብሪካዎቹም ለሥራቸው የሚሆነውን እንፋሎት የሚያገኙት በአብዛኛው ጭማቂው የወጣለትን የአገዳ ቅሪት በማንደድ ነው። ሆኖም ሞላሰስ የከብት መኖም ስለሆነ ወደ ነዳጅ ሲዞር ከብት አድላቢው ሌላ መኖ መፈለግ አለበት። ከዚህም በላይ አንድ ሊትር ኢታኖል ሲመረት ከ10 ሊትር በላይ ቪናስ የሚባል ፍሳሽ ይተርፋል። ይህ ፍሳሽ በክፍት ኩሬ ከተጠራቀመ ሚቴን ያመነጫል፤ ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ጊዜ ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት የሚያምቅ ጋዝ ነው። ሚቴኑ በታሸገ ጋን ተሰብስቦ ለኃይል ከዋለ ግን ጉዳቱ ወደ ጥቅም ይለወጣል። ስለ ኢታኖል በሚደረገው ውይይት ይህ ነጥብ ችላ መባሉ ያሳስበኛል።

ሌላው ጥያቄ መጠኑ ነው። ኢታኖል በሊትር የሚይዘው ኃይል የቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 10 በመቶ ኢታኖል ካለበት ድብልቅ ከሚገኘው ኃይል ውስጥ የኢታኖሉ ድርሻ 7 በመቶ ገደማ ነው። ኢታኖሉ ምንም ጉዳት የለውም ብለን ብናስብ እንኳ መኪናው በኪሎ ሜትር የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ በላይ አይቀንስም። ድርሻውን በብዙ ለማሳደግ ደግሞ ሞላሰስ አይበቃም፤ መሬት ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚከፋውም መሬት ሲነካ ነው። በኢንዶኔዥያ ለነዳጅ የሚውል የዘንባባ ዘይት ለማምረት ደን ተመንጥሮ፣ በውኃ የተሞላው ጥቁር ረግረጋማ አፈር ሲደርቅ፣ በአፈሩና በዛፎቹ ውስጥ የነበረው ካርቦን ይለቀቃል፤ ነዳጁ ያን የካርቦን ዕዳ ለመክፈል በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የባዮፊውል (ከዕፅዋት የሚገኝ ነዳጅ) ልማት ስትራቴጂ ከወጣበት ጊዜ ወዲህ ፍሬያቸው ለነዳጅ የሚሆን ዘይት የሚሰጥ ጉሎና ጃትሮፋ የተባሉ ተክሎች በሰፊው እንዲተከሉ ተሞክሯል፤ በምሥራቅ ሐረርጌ አንደኛው የጉሎ እርሻ የባቢሌን የዝሆኖች መጠለያ ክልል እስከ መንካት ደርሶ ነበር። ጃትሮፋ በጠፍ መሬት ላይ ያለ ውኃ ብዙ ዘይት ይሰጣል የተባለውም በማሳ ላይ አልታየም። ምግቧን ገና ለማትረፍ የምትታገል አገር ለመኪና ብላ ማሳ ልትመድብ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ለቤት መኪናና ለከተማ አውቶቡስ በኢትዮጵያ የተሻለው አማራጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ምክንያቱም የምናመነጨው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚገኝ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ መኪና 18 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የኤሌክትሪክ መኪናው ባትሪ ሲመረት ተጨማሪ 5 ቶን ተለቋል ብንል እንኳ፣ 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ዕዳው ይካካሳል፤ ይህም ለብዙ ባለመኪና የሁለት ወይም የሦስት ዓመት መንገድ ነው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት አገር ግን ማካካሻው በእጅጉ ይረዝማል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ከአየር ንብረት አንጻር መልካም ነው፤ ከዋና ከተማው ውጭ የኃይል መሙያ ጣቢያ በበቂ ሁኔታ ካልተስፋፋ ግን ሸክሙ በገጠር ነዋሪው ላይ ይወድቃል። ለከባድ ጭነት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር አለ፤ ከናፍጣ መኪኖች የሚረከበው ጭነት ሊጨምር ይገባል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ለፋሲካ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። አውሮፕላኖችስ በአማራጭ ነዳጅ መብረር ይችላሉ? (አንባቢ፣ ከዋሺንግተን አካባቢ)

መልስ፦ ይችላሉ። ካገለገለ የምግብ ዘይትና ከእንስሳት ስብ የሚሠራው የአውሮፕላን ነዳጅ ከመደበኛው ጋር እስከ 50 በመቶ ተደባልቆ እንዲሞላ ተፈቅዷል። ያገለገለ ዘይት በዓለም ላይ ውስን ስለሆነና ዋጋውም ከመደበኛው በእጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚወደድ ግን፣ በዓለም ከሚቃጠለው የአውሮፕላን ነዳጅ ድርሻው ገና 1 በመቶ አልደረሰም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በአየር ማረፊያዎቹ የሚቀርበው ነዳጅ ቢያንስ 2 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ 6 በመቶ እንዲህ ያለ ነዳጅ እንዲኖረው ደንግጓል። ረጅም በረራን የሚችል ባትሪ እስካሁን ስለሌለ፣ ከዕፅዋትና ከተረፈ ምርት የሚገኘው ጥቂት ነዳጅ ሌላ አማራጭ ላላቸው መኪናዎች ከሚውል ይልቅ ለአውሮፕላን ቢቀመጥ ይሻላል። ለርስዎ ጉዞ ዛሬ የሚበጀው ሁለት አጫጭር ጉዞዎችን በአንድ ረዘም ያለ ቆይታ መተካት ነው፤ ትኬት ሲገዙ ለአማራጭ ነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ ከተጠየቁም ነዳጁ ከምን እንደተሠራ በጽሑፍ እንዲነግሩዎት ይጠይቁ።