ከባቡሩ በፊት ወረቀቱን

ታሪክ ለማጥናት ለተነሳችሁ ልጆቼ፣

ከናዚዎች ያመለጠ የአይሁድ ቤተሰብን ታሪክ ስትጽፉ ድንበር ከተሻገረበት ሌሊት አትጀምሩ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በየቀናቸው ደርድሯቸው፤ ከዚያ እያንዳንዱ መቼ እንደሚያበቃ ፈልጉ። «ለምን ቀደም ብለው አልወጡም?» እያለ በቀላሉ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ እዚያ አለ።

የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየናን ውሰዱ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ናዚዎች ከተማዋን በማርች 1938 ያዙ፤ በኦገስት አይሁዶችን ከአገር የሚያስወጣ የስደት ጽሕፈት ቤት ከፈቱ። አይሁዳዊው ባለሱቅ በአንድ በር ይገባል፣ ከመስኮት መስኮት ሲል ይውላል፣ ንብረቱን አስረክቦ ፓስፖርት ይዞ ይወጣል። ከኦክቶበር ጀምሮ ፓስፖርቱ ላይ አይሁድ መሆኑን የሚያሳይ ቀይ «ጄ» (J) ፊደል ይመታበታል። ሲወጣ በእጁ የሚፈቀድለት 10 የጀርመን ማርክ ነው።

ግብር እንደሌለበት የሚመሰክረው ወረቀት ጊዜው ቶሎ ያልፋል፤ የአሜሪካ ቪዛ ወረፋ ግን ዓመታት ይፈጃል። ለጀርመንና ለኦስትሪያ ተወላጆች በድምሩ በዓመት 27,370 ቪዛ ብቻ ነበር። ማመልከቻው በ5 ቅጂ፣ የልደት ማስረጃው በ2፣ ከዚያ አሜሪካ ያለ ዋስ የገቢና የባንክ ማስረጃ። ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ የተያዘ የመርከብ ቦታ ተጨመረ። መርከቡ ሲሰረዝ ቪዛው ያልፍበታል፤ ቪዛውን ሲያሳድስ የመሸጋገሪያው ቪዛ ያልፍበታል። ኤምባሲ ደጅ የጠና አንባቢ ይህን ማብራራት አያሻውም።

ከሁሉ በላይ ግን የጓዝ ዝርዝሩን አትለፉት። ቤተሰቡ እስከ መሐረብ ድረስ ይመዘግባል፤ ሲታሸግም የጉምሩክ ሰው ቆሞ ያያል። ድሮ የተገዛው፣ በቅርብ የተገዛውና ለስደቱ ተብሎ የተገዛው ለየብቻ ይጻፋል፤ ለአዲሱ ዕቃ ተጨማሪ ክፍያ ስላለ። «ሊፍት» በሚሉት ትልቅ ሳጥን የታሸገው ጓዝ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ዘንድ አልደረሰም፤ ሐምቡርግ ወደብ ቀርቶ በሐራጅ የተሸጠው ቀላል አይደለም።

የዝርዝሩን ሦስተኛ ክፍል፣ ለስደቱ ተብሎ የተገዛውን፣ በዝግታ አንብቡ፤ ሰዎቹ በባዕድ አገር በምን ሥራ እንጀራ እንደሚበሉ ያሰቡት እዚያ ተጽፏል። የስፌት መኪና፣ የፀጉር መቁረጫ። በወይዘሮዋ ስም አዲስ ሽርጥ ካያችሁ፣ ከጦርነቱ በፊት 20,000 ያህል ሴቶች ብሪታንያ የገቡት በቤት ሠራተኛነት ፈቃድ እንደነበር አስታውሱ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመለሱና የብር ማንኪያዎቹን ቁጠሩ። ከፌብሩዋሪ 1939 በኋላ ለአንድ ሰው ከሁለት የብር መመገቢያ ስብስብ በላይ አይፈቀድም ነበር።