ባለቤቴ ናይሮቢ ሊሠራ ነው፤ እኔስ?

ሰሞኑን ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ሳይመካከሩ እንደ ተመካከሩ፣ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ባልና ሚስት ሆኖ ናይሮቢ ሄዶ ስለ መሥራትና ስለ መኖር። እኔና ባለቤቴ በዚያች ከተማ አራት ዓመት ስለ ቆየን፣ በዚህ እትም ሌሎቹን ጥያቄዎች አቆይቼ ለሦስቱ ብቻ መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው አራት ኪሎ ሲሆን፣ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ስምንት ዓመት አገልግያለሁ። ባለቤቴ ናይሮቢ ውስጥ የሁለት ዓመት የሥራ ውል ስላገኘ በጥር ወር ይሄዳል። ልጅ ገና አልወለድንም። እሱ «አብረን እንሂድ፤ እዚያ ሥራ አታጪም» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «የራስሽን እንጀራ ጥለሽ በሰው አገር ቤት ጠባቂ እንዳትሆኚ» ትለኛለች። መሥሪያ ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሊሰጠኝ ይገደዳል? እዚያስ መሥራት እችላለሁ? ኑሮውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ «ሥራ አታጪም» የሚለው ቃል በቅን ልቡና የተነገረ ቢሆንም ከኬንያ ሕግ ጋር አይገጥምም። በሥራ ፈቃድ የገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን በጥገኝነት ፈቃድ ማስገባት ይችላል፤ ይህ ፈቃድ ግን መኖርን እንጂ መሥራትን አይጨምርም። ደመወዝ ለማግኘት በራስዎ ስም የሥራ ፈቃድ ሊወጣልዎት ይገባል፤ ለዚህም የሚቀጥርዎ ድርጅት ለቦታው የሚሆን ኬንያዊ ያጣበትን ምክንያት ማስረዳት ይኖርበታል። ኬንያ ደግሞ የራሷ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበርና የራሷ የሙያ ፈተና ያላት፣ የሒሳብ ሰው ያልጠፋባት አገር ናት። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎ ሳይሆን ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት እንዲያውቁት ነው። የባለቤትዎ ቀጣሪ ዓለም አቀፍ ድርጅት ከሆነ ግን የትዳር ጓደኛ የሚሠራበት የተለየ አሠራር ሊኖር ስለሚችል፣ ባለቤትዎ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቦ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

የፈቃዱን ጉዳይ በተመለከተ፣ አሠሪዎ አይገደድም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ከባድና ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥመው ያለ ክፍያ የሚሰጠው ፈቃድ እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በስምምነት ስለሆነ ሁለት ዓመት ቢከለከሉ እንኳ ስድስት ወር ይጠይቁ። ይህን የምመክርዎ በአንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው፤ ዘላቂ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የአሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ እርስዎ ደግሞ ሁለት ዓመት ይቀርዎታል። የሚለቁ ከሆነም የተቆረጠብዎን 7 ከመቶና ድርጅቱ የከፈለልዎን 11 ከመቶ መዋጮ የሚያሳይ ማስረጃ ሳይዙ አይውጡ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ላይ ያለውን ቀን ደግሞ በጥንቃቄ ይመልከቱት። «ከ2010 እስከ 2018» ተብሎ ከተጻፈ፣ የእኛን የዘመን አቆጣጠር የማያውቅ ቀጣሪ ከ2018 ወዲህ ለዓመታት ሥራ ፈት ሆነው የከረሙ አድርጎ ያነበዋል። በእኔ ላይ ደርሶ ለቃለ መጠይቅ የተሰጠኝን ጊዜ በማብራሪያ ብቻ ጨርሻለሁ። ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍልዎ። ጋብቻችሁ በቤተ ክርስቲያን ብቻ የተፈጸመ ከሆነም በወረዳችሁ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግባችሁ ምስክር ወረቀቱን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጡ፤ ያለዚያ በኬንያ ኢሚግሬሽን ፊት ሚስትነትዎን በፎቶግራፍ ማስረዳት ሊኖርብዎት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። አብሮ መሄዱን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ከመሄድዎ በፊት ለራስዎ የሚመልሱት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ምን እሠራለሁ?» የሚል ነው። ለሥራ የሄደው ሰው ጽሕፈት ቤት፣ ባልደረባ፣ የምሳ ሰዓትና የሚያማርረው አለቃ አለው። አብሮት የሄደው ሰው ያለው አፓርታማ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ያሳለፍሁት ባለቤቴ እስኪመጣ በመስኮት በማየት ነበር፤ ማታ ደክሞት ሲገባ ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው ወሬዬ በአንድ ጊዜ ይፈስበታል፤ እሱ ደግሞ ዝምታ ይፈልጋል። የተጣላነው በገንዘብም በዘመድም ሳይሆን በዚህ ነበር። በእርስዎ ሙያ መፍትሔው ቅርብ ይመስለኛል። ኤሲሲኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ፈተና ናይሮቢም አዲስ አበባም ስለሚሰጥ፣ እዚህ ተመዝግበው የጀመሩትን እዚያ በግል እያነበቡ ሊቀጥሉ፣ ሲመለሱም ሁለቱን ዓመታት በወረቀት ሊያሳዩ ይችላሉ።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር የስልክ ቁጥር ነው። በናይሮቢ የቤት ኪራዩ፣ የመብራት ቅድመ ክፍያው፣ የቲማቲሙ ሒሳብ ጭምር የሚከፈለው በኤምፔሳ ነው፤ አገልግሎቱ በኬንያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ እኛ በቴሌብር ገና የለመድነውን እነሱ ካረጁበት ቆይተዋል። የስልክ መስመሩ በባለቤትዎ ስም ብቻ ከወጣ ለአንድ እስር ጎመን እሱን ሊያስፈቅዱ ነው። በደረሱ ማግስት በራስዎ ፓስፖርት የራስዎን መስመር ያውጡ፤ የወሩ የቤት ወጪም በወሩ መጀመሪያ ወደዚያ ይግባ። ስምንት ዓመት የራሷን ደመወዝ ስትቀበል የኖረች ሴት እጇን ዘርግታ መጠበቅ ስትጀምር ምን እንደሚሰማት እናትዎ በሚገባ ገብቷቸዋል።

የቀረው ኑሮ አያሳስብዎ። አየሩ ለእኛ ሰው የሚስማማ ነው፤ ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከአዲስ አበባ ጥቂት ሞቅ ትላለች እንጂ አታቃጥልም። ሶኬታቸው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘው ከሄዱ መሰኪያው መለወጥ አለበት። ጤፍ ኢስሊ በተባለው ሰፈር ይገኛል። እርሾ ግን በሻንጣ አይያዙ። እኔ በፕላስቲክ ጠርሙስ አሽጌ ወስጄ፣ አውሮፕላን ውስጥ አብጦ ፈንድቶ፣ የባለቤቴ ብቸኛ ሙሉ ልብስ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው ተቦክቶ ነው። ዱቄቱን በውሃ አቡክተው ለጥቂት ቀናት ቢተዉት እርሾው በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም እዚያው ሥራ አግኝተን በመጋቢት ናይሮቢ እንገባለን። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምንኖረው፤ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ እንጦጦ፣ ቢሾፍቱ ወይም ወንጪ ሳንሄድ አንውልም። እዚያ መኪና አይኖረንም። ባለቤቴ ደግሞ ጾም አትገድፍም። የት የት መሄድ እንችላለን?

መልስ፦ የእናንተ ነገር ቀላል ነው፤ ሁለታችሁም ሰኞ የምትሄዱበት ስላላችሁ ቅዳሜ የምትናፍቁት ይሆናል። እንጦጦን ለለመደ ሰው የመጀመሪያው ቦታ ካሩራ ነው። ከተማው መካከል ያለ፣ 1,041 ሄክታር ስፋት ያለው ደን ሲሆን፣ በእግርም በኪራይ ብስክሌትም ይዞሩታል። ይህ ደን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለግንባታ ሊሸነሸን ሲል ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተደብድበውም ቢሆን አስጥለውታል፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት እኚሁ ሴት ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ አንበሳ ከፊት ለፊት፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ከጀርባው የሚታይበት ቦታ ነው። የፓርክ መግቢያ ዋጋ ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለጎብኚ የተለያየ ስለሆነ የነዋሪነት መታወቂያችሁን ሳትይዙ አትሂዱ፤ ልዩነቱ የምሳ ዋጋ ብቻ አይደለም።

ለማደር ከሆነ ናይቫሻን እመርጥላችኋለሁ። ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ የተኛው የእኛ ዝዋይና ሐዋሳ ባሉበት በዚያው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ዳርና ዳሩን ያሉትን የአበባ እርሻዎች ስታዩም ዝዋይ የገባችሁ ይመስላችኋል። ከሐይቁ አጠገብ ያለው ሄልስ ጌት ፓርክ በብስክሌትና በእግር መግባት ከሚፈቀድባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ በመሆኑ መኪና ለሌለው ሰው የተሠራ ይመስላል። የሜዳ አህያው ብስክሌቱን ቀና ብሎ አይቶ ተመልሶ ሣሩን ይግጣል። ሲመሽ ግን ሐይቁ ዳር አትንሸራሸሩ፤ ጉማሬው ለግጦሽ የሚወጣው በዚያን ጊዜ ነው። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ቅዳሜ በጠዋት ሄዳችሁ እሁድ ከስምንት ሰዓት በፊት ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ በተመላሽ ይጨናነቃል። መንገድ ስትሻገሩም መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው።

ሞምባሳን በተራ ቅዳሜና እሁድ አትሞክሯት፤ ሰኞ በዓል እስኪሆን ጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የናይሮቢ ሞምባሳ ባቡር የጻቮን ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ስለሚያልፍ በመስኮት ዝሆን ማየት ይቻላል። እዚያም ፖርቱጋሎች ከ1593 ጀምሮ የገነቡት የኢየሱስ ምሽግ አለ። ግራኝ አሕመድን ሊወጋ መጥቶ በአገራችን የሞተው የክሪስቶቮ ዳ ጋማ አባት ቫስኮ ዳ ጋማ በዚያ ወደብ ያለፈው በ1498 ነበር።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን በፈረንጅ ይቆጥራሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁልጊዜ በፈረንጅ ማሰብ አለብኝ ብዬ ራሴን አሠልጥኜ ነበር። ለናይቫሻ የተስማማሁት ሹፌር «ሳ ምቢሊ» ሲለኝ፣ «ምቢሊ» ሁለት ማለት መሆኑን አውቄ፣ በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው ብዬ ቀየርሁትና ገበያ ወጣሁ። ሰውየው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በር ላይ ቆሞ ጠብቆ ሌላ ደንበኛ ይዞ ሄደ። አበሻነቴን ብቻ ባምነው ኖሮ አላመልጠውም ነበር።

ወደ ጾሙ ስንመጣ፣ በናይሮቢ የሕንዶች ምግብ ቤት ስለ በዛ «ቬጅ» የሚል ጽሑፍ አያንስም፤ ይሁን እንጂ ሥጋ የለውም ማለት እንጂ የጾም ነው ማለት አይደለም፤ ቅቤና አይብ ይገባበታል። ባለቤትዎ «ቢላ ማዚዋ፣ ቢላ ሳምሊ፣ ቢላ ማያይ» የሚለውን ትያዝ፤ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ከአገሬው ምግብ በቆሎና ቦሎቄ ተቀላቅሎ የሚቀቀለው ጊቴሪና ሱኩማ ዊኪ የተባለው ጎመን በየሄዱበት አይጠፉም፤ ጎመኑ ግን በወተት ሊሠራ ስለሚችል ቃሉን መድገም ነው።

ጥያቄ፦ ልጄና ምራቴ ለሥራ ናይሮቢ ሊሄዱ ነው። ፒያሳ ባለንበት ሰፈር በስማቸው እድር አላቸው፤ ምራቴ ደግሞ ገና ያልደረሳት እቁብ አለባት። ይተዉት ወይስ ይቀጥሉ?

መልስ፦ እናታችን፣ እድሩን በፍጹም አይተዉ፤ አንዴ ከወጡ እንደገና ለመግባት የሚጠየቀው መዋጮ ይከብዳል። ከመሄዳቸው በፊት የእድሩ ዳኛ ፊት ቀርበው እርስዎን ወይም ሌላ ሰው ተወካይ አድርገው ያስመዝግቡ፤ የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ከፍለው ደረሰኙ በእርስዎ እጅ ይቀመጥ። ለቅሶ ላይ የሚቆምላቸው ሰውም እዚያው ይነገር፤ በአንዳንድ እድር የቀረ ሰው ይቀጣልና። እቁቡን በተመለከተ ምራትዎ ሰብሳቢውን ዕጣውን ከጉዞዋ በፊት እንዲያደርግላት ትለምን፤ ከተቀበለችም ቀሪውን የሚከፍል ዋስ ትጥራ። ካልሆነላት ገንዘቡን የሚቀበልላት ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት በተረጋገጠ ውክልና ይታወቅ፤ ውክልናውን እዚህ ሳሉ መጨረስ በኤምባሲ በኩል ከመላክ እጅግ ይቀላል።