ሞክሼ ቃላት፦ ስለ እንግሊዝኛ፣ ስለ ቼክኛና ስለ ስሎቫክኛ ለጠየቃችሁኝ

ድምፁ ተመሳስሎ ትርጉሙ የተለያየባችሁ የእንግሊዝኛ ቃል ካለ ጠይቁኝ፣ የቼክና የስሎቫክ አቻውን ጨምሬ እመልሳለሁ ብያችሁ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። እኔ በወጣትነቴ ቼኮዝሎቫኪያ ስሄድ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቼክኛ ተማርኩ፤ ገና አፌ ሲፍታታ ለትምህርት ወደ ብራቲስላቫ ተላክሁና ስሎቫክኛ ሆነ። ሁለቱን እያደባለቅሁ ስንቱን እንዳሳቅሁት ቤቱ ይቁጠረው። ያኔ አንድ አገር ነበሩ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሁለት ናቸው። አነባበቡን በፊደላችን ስጽፍ ትንሽ ይጎድላል፤ እሱን ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ “ፋስት” ፈጣን ከሆነ ጾም እንዴት “ፋስት” ተባለ? ጾም የሚረዝም እንጂ የሚፈጥን አይደለም።

ሁዳዴን 55 ቀን ለያዘ ሰው እውነትሽን ነው። ቃሉ ግን አንድ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ “ፋስት” ማለት የጠበቀ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነበር። ዛሬም “ፋስት አስሊፕ” ሲሉ ድብን ብሎ የተኛውን ነው፤ ፍጥነት የለበትም። ራስን አጥብቆ መያዝ ጾም ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ በብርቱ መሮጥ፣ አጥብቆ መሮጥ ሲባል ቆይቶ ቃሉ ወደ ፍጥነት አደላ። የኛኑ አነጋገር ልብ በዪ፦ ጾም ይያዛል፣ ጾም ይፈታል። እነሱም ቁርስን “ብሬክፋስት” ያሉት የሌሊቱን ጾም መስበር ብለው ነው።

ፈጣን በቼክኛም በስሎቫክኛም “ሪኽሊ” ነው። ልዩነቱ ቼኩ መጨረሻውን ይስባል፣ ስሎቫኩ መጀመሪያውን። ስሎቫክኛ ሁለት የተሳቡ ድምፆች ተከታትለው ሲመጡ አይወድም፤ አንዱን ያሳጥራል። ጾም በቼክኛ “ፑስት”፣ በስሎቫክኛ “ፕዎስት” ነው። እሱም ከጥንቱ ጀርመንኛ የተወሰደ ነውና የ“ፋስት” የሥጋ ዘመድ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። የጣፋጭ ዝርዝር ላይ “ዲዘርት”ን በአንድ ኤስ ጽፌ እንግዶቹ ሳቁብኝ። ምን ብዬ ነው?

በረሃ አቀረብሽላቸው! ለዱባይ ብዙም አይርቅም። በሁለት ኤስ የሚጻፈው ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ማዕድ ማንሳት ማለት ነው፤ ሳህኑ ከተነሳ በኋላ የሚቀርበው ጣፋጭ ስሙን ከዚያ አገኘ። እኛ ቤት ማዕድ ሲነሳ የሚመጣው ቡና ስለሆነ ቃሉን በጉልበት መያዝ ነው። ባለ አንድ ኤሱ ከላቲን ነው፤ የተተወ ምድር ማለት ነው። ከጦር ሜዳ የከዳ ወታደርም በዚሁ ቃል ይጠራል።

ቼኮች በረሃን “ፖውሽት” ይላሉ፣ ስሎቫኮች “ፑሽት”፤ ሁለቱም ከ“ፑስቲ” የወጡ ናቸው፦ ባዶ፣ ሰው የሌለበት። ላቲኑም ስላቩም ስም ያወጡት ለአሸዋውና ለሙቀቱ ሳይሆን ለሰው አልባነቱ ነው። እኛም ምድረ በዳ ስንል የምናስበው እሱኑ አይደል? ወጥመዱ ግን እዚህ አለ፦ ጣፋጩን ሁለቱም “ዴዘርት” ይሉታል፣ ያውም መጀመሪያውን አጥብቀው። እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ በረሃ ነው የሚሰማው። እሱን ለመሸሽ ከፈለግሽ ኬክ ነክ ለሆነው በቼክኛ “ሞውችኒክ”፣ በስሎቫክኛ “ሙችኒክ” አለልሽ፤ ከዱቄት የወጣ ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ዱቄት ካነሱ አይቀር፣ “ፍላወር” ዱቄትም አበባም የሆነው በአጋጣሚ ነው?

አይደለም፣ አንድ ቃል ነው። ከፈረንሳይኛ የመጣ አበባ ነው። ስንዴ ተፈጭቶ በወንፊት ሲነፋ ከስር የሚወርደውን የላመውንና የነጣውን ክፍል “የእህሉ አበባ” አሉት፤ ምርጡ ማለታቸው ነው። አጻጻፉ እንኳ ለረጅም ጊዜ አንድ ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ሁለቱን በፊደል አይለያቸውም። የዛሬው ልዩነት የጸናው ከዚያ በኋላ ነው።

አበባ በቼክኛ “ክቭዬት”፣ በስሎቫክኛ “ክቬት” ነው። ዱቄት በቼክኛ “ሞውካ”፣ በስሎቫክኛ ሙን ሳብ አድርጎ “ሙካ”። ሳብ ካላደረጋችሁት ግን ስቃይ ይሆናል። ብራቲስላቫ በገባሁ ሰሞን እንጀራ አማረኝና፣ ጤፍ ከየት ይምጣ፣ በስንዴ ልሞክር ብዬ ሱቅ ሄድሁ። ኮስተር ብዬ “አንድ ኪሎ ስቃይ ስጡኝ” አልኳቸው። ባለሱቋ አረጋዊት ነበሩ፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና “ልጄ፣ እሱማ በነጻ ነው” ብለው ዱቄቱን አውርደው ሰጡኝ። ይህ ለኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። “ገና” ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓል። “አለ” ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። የኛ ሞክሼ በተነባቢው መጥበቅና መላላት ይለያል፣ የስሎቫኮች በአናባቢው መርዘምና ማጠር። እነሱ እንኳ ለሚረዝመው ጭረት ያደርጉበታል፤ እኛ ለአንባቢው ትተንለታል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የወረቀትና የእስክሪብቶ ሱቆች ላይ “ስቴሽነሪ” አንዳንዱ በኤ፣ አንዳንዱ በኢ ተጽፎ አያለሁ። የቱ ነው ልክ?

መጨረሻው አካባቢ ኢ ያለው። በኤ የተጻፈው የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ ማለት ነው። እኔ ያደግሁበት ሰፈር በኤ የጻፈ ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱን ሳይ “ቆሞ ቀር” ብሎ በራሱ ላይ የለጠፈ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቢሳትም አይፈረድም፣ ዘሩ አንድ ነውና። በመካከለኛው ዘመን ነጋዴው አብዛኛው ዕቃውን ተሸክሞ የሚዞር ነበር። በዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ ቋሚ ቦታ ይዞ መጽሐፍ የሚሸጠው “ባለ ቋሚ ቦታ” ተባለ። እሱ የሚሸጠው ዕቃ ደግሞ በስሙ ተጠራ። ቼክና ስሎቫክ ይህን ሁሉ ታሪክ ትተው “ፓፒር” ካሉት ወረቀት ተነሱ፦ “ፓፒርኒትስትቪ” በቼክኛ፣ “ፓፒየርኒትስትቮ” በስሎቫክኛ። የማይንቀሳቀሰው በሁለቱም “ኔሂብኒ” ነው።

ጥያቄ፦ “ፕሪንሲፓል” እና “ፕሪንሲፕል”ስ?

የመጀመሪያው ዋና ወይም ርዕሰ መምህር፣ ሁለተኛው መርሕ። ሁለቱም የመጡት ከላቲን “ፊተኛውን ቦታ የያዘ” ከሚለው ነው። ዋና በቼክኛ “ህላቭኒ” ይባላል፣ “ህላቫ” ማለት ራስ ነው፤ ርዕሰ መምህር፣ ርዕሰ ከተማ እንደምንለው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ግን “ርዤዲቴል”፣ በስሎቫክኛ “ሪያዲቴል” ነው። መርሕ በሁለቱም “ዛሳዳ”።

ጥያቄ፦ “ኮምፕሊመንት” በአይ እና በኢ?

በአይ ሙገሳ፣ በኢ ማሟያ። ማሟያው በቼክኛ “ዶፕልኒየክ”፣ በስሎቫክኛ “ዶፕልኖክ”። ለሙገሳው “ፖክሎና” የሚለውን እወደዋለሁ፤ በቁሙ እጅ መንሳት ነው።

ጥያቄ፦ ፕራግ አዲስ ነኝ። ሁሉም ሰው “ሆስት” ይለኛል። እኔ ምን ላስተናግድ?

ይህቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር፣ እኔንም ኪሴን አራግፋኛለችና። በደረስኩ በሳምንቱ የክፍል ጓደኞቼ ቢራ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ “ዛሬ አንተ የኛ ሆስት ነህ” አለኝ በቼክኛ። እኔ የማውቀው “ሆስት” የእንግሊዝኛው ነው፤ ጋባዥ። ለካ ደንባቸው አዲስ የመጣ ሰው ይጋብዛል ነው ብዬ፣ የወር አበሌን ግማሽ አስተናጋጁ እጅ ላይ አስቀመጥሁ። መለሱልኝ እንጂ! በቼክኛ “ሆስት” እንግዳ ነው፤ በስሎቫክኛም እንዲሁ፣ መጨረሻው ለስለስ ይላል እንጂ። ጋባዡ በሁለቱም “ሆስቲቴል” ነው።

ቃሉ የተገለበጠ ይምሰል እንጂ ግንዱ አንድ ነው። ከአውሮፓ ቋንቋዎች ጥንታዊ ሥር የወጣ፣ እንግዳና ባዕድ ማለት የነበረ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ “ጌስት” ሆኖ ወጣ። በላቲን አንዱ ቅርንጫፉ “ጠላት” ሆነ፤ “ሆስታይል” ከዚያ ነው። ሌላው ቅርንጫፍ አስተናጋጅንም ተስተናጋጅንም ያዘና ሆቴልን፣ ሆስፒታልን፣ “ሆስት”ን ወለደ። ቼኮች ቢራ ቤቱን “ሆስፖዳ” የሚሉትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እንግዳ ዛሬ በሩን አንኳኩቶ ያድራል፣ ነገ አንተ እሱ ዘንድ ታድራለህ፤ ስለዚህ አንድ ቃል ለሁለቱም በቃ። የኛም “እንግዳ” ቤት የመጣውን ሰውም፣ የማናውቀውን “እንግዳ ነገር”ም ይሸፍናል። አንተ ግን ሲሉህ ዝም ብለህ ጠጣ።

ጥያቄ፦ “ዶላር” የቼክ ቃል ነው ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው?

ቃሉ ጀርመንኛ ነው፣ ቦታው ግን ዛሬ ቼክ ውስጥ ነው። ያኺሞቭ የምትባል ከተማ አለች፤ በጀርመንኛ ዮአኪምስታል፣ የዮአኪም ሸለቆ። እዚያ ብር ተገኘና ከ1520 አካባቢ ጀምሮ ትልልቅ የብር ሳንቲም ተመታ። “የዮአኪም ሸለቆው” ሲባል ቆይቶ ስሙ አጠረና “ታለር” ቀረ፣ ማለት “የሸለቆው”። በሰሜን ጀርመንና በሆላንድ በኩል ሲዞር “ዳለር”፣ እንግሊዝ ሲደርስ “ዶላር”። ሸለቆ የሚለው እንግሊዝኛ “ዴል” ስለዚህ የአክስት ልጅ ነው። ቼኮች “ቶላር”፣ ስሎቫኮች “ቶሊያር” ይሉታል፤ የአሜሪካውን ግን ሁለቱም “ዶላር”።

እኛም ከዚህ ታሪክ አንርቅም። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት ይኸው ታለር ነው። ላዩ ላይ ያለችው ማሪያ ቴሬዛ በ1741 ብራቲስላቫ የሃንጋሪ፣ በ1743 ፕራግ የቦሄሚያ ዘውድ የጫነች ናት። ሳንቲሙ እሷ ከሞተችም በኋላ 1780 የሚለው ቁጥር ሳይነካ ሲመታ ኖረ። የኛ የወረቀት ገንዘብ ራሱ ከ1945 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በአማርኛ ብር፣ በእንግሊዝኛ ግን ዶላር ተብሎ ይታተም ነበር።

ጥያቄ፦ ስሎቫክኛ እችላለሁ፤ ብርኖ ለትምህርት ልሄድ ነው። ቼክኛ እንደገና ልማር?

ትግባባለህ፣ ግን የሁለቱንም ሞክሼዎች ጠንቀቅ በል። ቼክ “ሆርኪ ቻይ” ካለህ ትኩስ ሻይ ነው፤ አንተ በስሎቫክኛህ መራራ ትሰማለህ። ስሎቫክ “ፒቭኒትሳ” ሲል ምድር ቤት ነው፣ ቼክ “ፒቭኒትሴ” ሲል ቢራ መጠጫ። “ሮቦታ” ለስሎቫኩ ተራ የቀን ሥራ ነው፤ ለቼኩ ገባር ለጌታው የሚሠራው የግዳጅ ሥራ። ካሬል ቻፔክ በ1920 ለጻፈው ቴአትር ወንድሙ ዮሴፍ ከዚያ ቃል ነው “ሮቦት”ን ያወጣለት።

ጥያቄ፦ ፕራግ ክፍል ልከራይ እየፈለግሁ ነው። ሁለት ቦታ ደውዬ ገና ስለ ቤቱ ስጠይቅ “ኖ፣ ኖ” ብለውኝ ዘጋሁት። እንዲህ ይጠሉናል?

አይ እህቴ! የቼክ “ኖ” የእንግሊዝኛው አይደለም። “እህ፣ ቀጥዪ፣ አዎ” ማለት ነው። እምቢታው “ኔ” ነው፣ በስሎቫክኛ “ኒየ”። አዎንታው “አኖ” ነው፣ ስሎቫኩም አን ሳብ አድርጎ ይለዋል፤ ሲዝናና ደግሞ “ሄይ” ይልሻል፣ የሚጠራሽ እንዳይመስልሽ። ሁለቱም ቤት ምናልባት አልተያዘም፤ ዛሬውኑ መልሰሽ ደውዪ።